ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ቀን ቀን ሲያንቀላፋ፦ ከአባዬ ደብተር የተማርኩት

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ብዙ ሰምታችኋል። ስለ ቀን እንቅልፍ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኛ ቤት ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያስቸገረን ይሄኛው ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የአሰብን መስመር ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣ «መሪ ይዤ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም» እያለ የሚኮራ ሰው። አሁን ከምሳ በኋላ ዜና እየሰማ አንገቱ ደረቱ ላይ ይወድቃል። እንግዳ መጥቶ እያጫወተው በወሬ መሃል ጭልጥ ይላል። ዘመድ «እርጅና ነው» ይላል። ጎረቤት «ተጫጭኖታል» ይላል። እሱ ራሱ ደግሞ «ማን ተኛ? ዓይኔን ነው የጨፈንኩት» ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማውቀው መመዝገብ ነው። ለዚህ ችግርም ከሁሉ በላይ የጠቀመን መመዝገቡ ሆኖ አገኘሁት። የፓርኪንሰን ታማሚን ቀን የሚያስተኛው ነገር ብዙ ነውና። በሽታው ራሱ አንጎል ውስጥ ሰውን ነቅቶ የሚያቆዩትን ሕዋሳት ይጎዳል። የበሽታው መድኃኒት ያስተኛል። ሌሊት ያመለጠው እንቅልፍ ቀን ይመጣል። ምግብ ሲበላ የደም ግፊት ይወርዳል። ለጉንፋን ወይም ለጭንቀት ተብሎ የተገዛ ሌላ ኪኒን ይጨመርበታል። ከውጭ ሲታዩ የሁሉም መልክ አንድ ነው፤ ሰውየው ተኝቷል። የሚለያቸው ሰዓታቸው ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ እንቅልፉ በስንት ሰዓት እንደመጣ ጻፉ።

በእርግጥ ተኝቷል?

ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው። ፓርኪንሰን የፊትን ጡንቻ ያደርቃል። ሰውየው እንደ ድሮው ፈገግ አይልም፣ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ አያርገበግብም፣ አንገቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። አንዳንዱን የዓይኑ ቆብ ራሱ አልከፈት ይለዋል። የኪኒኑ ኃይል ሲያልቅበት ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። የተኛ ይመስላል፤ ጆሮው ግን ሁሉን ይሰማል። አባዬ እንዲህ ሆኖ ሳለ አንዲት ዘመዳችን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስለ እሱ የማይባል ነገር አወራች። መድኃኒቱ ሲሠራለት ያለችውን አንድ ሳያስቀር ደገመላት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ተኝቷል» ብሎ የሚያማ የለም።

መለያው ቀላል ነው። «ቅድም ምን ተባለ?» በሉት። ከመለሰ ነቅቷል። ዝም ካለ ወይም የማይገናኝ ነገር ከተናገረ ተኝቶ ነበር።

ድካምም ሌላ ነገር ነው። «ሰውነቴ ዝሏል» እያለ ጋደም ሲል ግን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የደከመው እንጂ እንቅልፍ የመጣበት አይደለም። ምንም ነገር የማያስደስተው፣ ምግብ የሚጠላ፣ ሰው ማየት የማይፈልግ ከሆነ ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት ከፓርኪንሰን ጋር አዘውትሮ የሚመጣ፣ ሕክምናም ያለው ነገር ስለሆነ ለሐኪሙ ለብቻው ንገሩ።

ደብተሩ

የተማሪ ደብተር ይበቃል። ገጹን በቁመት ክፈሉት፦ ሰዓት፣ ኪኒን፣ ምግብና መጠጥ፣ እንቅልፍ። ከታች ስለ ሌሊቱ ሁለት መስመር ቦታ ተዉ። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብትችሉ ሁለት ሳምንት ያዙት። በዚያ ጊዜ ምንም አትለውጡ። ኪኒኑንም ምግቡንም እያነካካችሁ ከመዘገባችሁ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ኪኒኑን በስሙ ብቻ አትጻፉ፤ መጠኑንም ጨምሩ። ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበት ኪኒን፣ 100/25 አለ፣ 250/25ም አለ። አንዱ ከገበያ ሲጠፋ ሌላው ይገዛና «ያው ነው» ይባላል። ያው አይደለም። 250 የሚለው ከመቶው ሁለት እጥፍ ተኩል ሌቮዶፓ አለበት። አዲስ ካርቶን በተገዛ ቁጥር ፊቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ለሐኪም ሲያሳዩት ብዙ ወሬ ያሳጥራል።

እማዬ መጻፍ አትወድም። እኔ ደግሞ ቀን ሥራ ነኝ። ስለዚህ እሷ በቴሌግራም በድምፅ ትልክልኛለች፦ «ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ሽሮ በላ፣ ይኸው አንኮራፋ።» ማታ ቁጭ ብዬ ወደ ደብተሩ እገለብጠዋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን እንደሚመቸው እዩና አከፋፍሉት። ለታማሚው ብቻ አትተዉት። የቀን እንቅልፍ ያለበት ሰው ማንቀላፋቱን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ከጠየቃችሁት አሳንሶ ነው የሚናገረው።

ከደብተሩ ጎን አንድ መለኪያ አለ። ኤፕዎርዝ ይባላል። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን በሚገኘው ኤፕዎርዝ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር መሬይ ጆንስ በ1991 ያወጡት ነው (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። 8 ጥያቄዎች አሉት፦ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ስብሰባ ቦታ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ተሳፍሮ አንድ ሰዓት ሲጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወራ፣ ከምሳ በኋላ መጠጥ ሳይጠጣ ሲቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ መንገድ ተዘግቶ ሲቆም። በእያንዳንዱ ላይ የማንቀላፋት ዕድሉ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ10 ካለፈ እንቅልፉ በዝቷል ማለት ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ አባዬን ለብቻው፣ እማዬን ለብቻዋ እጠይቃለሁ። የሁለቱ ቁጥር ሲራራቅ ሐኪሙ ዘንድ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ብዙውን ጊዜ እውነቱ ያለው ወደ እማዬ ቁጥር ጠጋ ብሎ ነው።

ኪኒን በወሰደ በሰዓቱ የሚመጣ እንቅልፍ

የእኛ የኪኒን ሰዓት ጠዋት 1፣ ከረፋዱ 5፣ ከቀኑ 9 እና ማታ 1 ሰዓት ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ደብተሩን ስታገላብጡ እንቅልፉ ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ በአንድ ሰዓት አካባቢ እየተደጋገመ ከመጣ ጣታችሁን መድኃኒቱ ላይ አድርጉ። ሌቮዶፓ አንዳንዱን ሰው ያስተኛል። ከሌቮዶፓ ይልቅ በዚህ የሚታወቁት ግን ዶፓሚን የሚባለውን፣ በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚያንሰውን ኬሚካል፣ ሥራ የሚሠሩት ኪኒኖች ናቸው፤ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ይባላሉ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሮቲጎቲንም ከነሱ ወገን ነው።

ፕራሚፔክሶል የእኛ ቤት ገብቶ ነበር። እህቴ ከቨርጂኒያ ናት የምትልከው። ሐኪሙ ያውቃል፤ ያዘዘውም እሱ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ እግሩ ተፈታ፣ ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ጀመረ። መጠኑ ከፍ ሲል ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁ እንጀራው ላይ እንዳለ ተኛ። ጉርሻውን ጠቅልሏል፣ አፉ ጋ አላደረሰውም። ደብተሩን ሐኪሙ ፊት ስንከፍተው እንቅልፉ የጨመረበት ሳምንትና ኪኒኑ የጨመረበት ሳምንት አንድ ሆኖ ተገኘ። መጠኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ወረደ። እንቅልፉ ቀለለ፤ በምትኩ ጠዋት ጠዋት የሰውነቱ መድረቅ ትንሽ ተመለሰበት። ይህ ድርድር ነው። አባዬ ራሱ ተጠየቀና «ሸሚዝ ሰው ይቆልፍልኛል፤ መንቃቱን ግን ማንም አይነቃልኝም» ብሎ መረጠ። ሌላው ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ የሚመርጠው ግን ታማሚው ይሁን።

«በጥቂት በጥቂቱ» ያልኩትን አስምሩበት። የፓርኪንሰን መድኃኒት በአንድ ቀን አይቆምም። ሌቮዶፓን ድንገት ማቋረጥ ሰውነትን አድርቆ፣ ከፍተኛ ትኩሳት አምጥቶ፣ ሕይወት ላይ ሊደርስ ይችላል። ፕራሚፔክሶልን የመሳሰሉትን ድንገት መተው ደግሞ ከባድ ጭንቀት፣ ላብና ሕመም ያመጣል። ከውጭ የሚላክ መድኃኒት ያላችሁ ሰዎች ይህን በተለይ አስቡ። ሻንጣ ዘገየ ብሎ ኪኒኑ አያልቅ፤ የአንድ ወር ትርፍ ሳይኖር አትቀመጡ።

ስለነዚሁ ኪኒኖች አንድ ነገር በመንገዴ ልበል። በአንዳንድ ሰው ላይ የማይገታ ፍላጎት ያመጣሉ፤ ቁማር፣ ግዢ፣ መብላት፣ የግብረ ሥጋ ፍላጎት። ጸባዩን ጠብቆ የኖረ ሽማግሌ በድንገት የውርርድ ትኬት መቁረጥ ከጀመረ ከመቆጣታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

ድንገት የሚጥለው

ከማዛጋትና ከማንጎላጀት የተለየ አለ። ሰውየው ንቁ ሆኖ፣ ያለ ምንም ምልክት፣ በአፍታ ውስጥ ይተኛል። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች መኪና እየነዱ እንቅልፍ የጣላቸውን 8 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ታሪክ አሳተሙ። ሰዎቹ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የሚወስዱ ነበሩ። ዛሬ እነዚህ መድኃኒቶች ሲታዘዙ ስለ መንዳት ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቁልፉ። አንድ ጊዜም ቢሆን እያወራ ወይም እየበላ የተኛ ሰው ሐኪም እስኪያየው ድረስ አይነዳም። መኪናም፣ ባጃጅም፣ ሞተርም። አባዬን የመኪና ቁልፍ መጠየቅ ከባድ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሥራ ነው። እኔ ብነግረው አይሰማም ነበር። የነገረው የድሮ የሥራ ባልደረባው ነው፤ «አንተ ረዳትህን እንቅልፍ ሲይዘው መሪ ትሰጠው ነበር?» አለው። በቃ። ቤታችሁ ውስጥ ይህን ቃል ማን ቢናገረው እንደሚሰማ አስቡና ለዚያ ሰው ስጡት። ሁልጊዜ ልጅ መሆን የለበትም።

መኪና የሌላችሁም አታልፉት። ከሰል ምድጃ አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ። ቡና ሲፈላ ወንበሩ ከረከቦቱና ከፍሙ ራቅ ይበል። ደረጃ ላይ፣ መሰላል ላይ አይውጣ። ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ከማቀበል ክዳን ያለው ኩባያ ይሻላል። ታክሲ ሲሳፈር መስኮት ጥግ ይቀመጥ፣ አብሮት ሰው ይኑር።

ከምሳ በኋላ

ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው ትንሽ ይከብደዋል። የፓርኪንሰን ታማሚ ግን ሌላ ነገር ሊሆንበት ይችላል፤ በሽታውም መድኃኒቱም የደም ግፊትን ያወርዳሉ፣ ከበላ በኋላ ደግሞ ደሙ ወደ ሆዱ ሲሄድ ይብስበታል። ሰውየው ያዛጋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ አንገቱ ይወድቃል። እንቅልፍ ይመስላል፤ ግፊቱ ወርዶ ነው።

የቤት የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። 5 ደቂቃ ጋደም ብሎ ይቆይና ለኩት። ይቁም፤ በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ደግማችሁ ለኩት። እንዳይወድቅ አንድ ሰው ይያዘው። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ደብተሩ ላይ ጻፉና ለሐኪሙ አሳዩ። ይህንኑ ከምሳ በፊትና ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ ሞክሩት። ድሮ ለደም ግፊት ተብሎ የተጀመረ ኪኒን እስካሁን እየተወሰደ ከሆነ እሱንም አንሱ። ከዓመታት በፊት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

ማዕዱን በተመለከተ የሠራልን ይህ ነው። ምሳን ለሁለት ከፈልነው፤ 6 ሰዓት ላይ ግማሽ፣ 8 ሰዓት ላይ ግማሽ። እንጀራው ቀነሰ፣ ጎመንና ሰላጣው ጨመረ። ከምግብ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል። እንደበላ ወዲያው አይነሳም፤ ሲነሳም መጀመሪያ ቁጭ ብሎ እግሩን ያንቀሳቅሳል። በ«ብላ፣ አንድ ጉርሻ ለእኔ ስትል» ባህላችን ይህ ቀላል አይደለም። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ሰሃኑን ቀድማ ታነሳዋለች።

ሌቮዶፓ ደግሞ ከፕሮቲን ጋር አይስማማም፤ አንጀት ውስጥም ወደ አንጎል ሲያልፍም ይሻሙበታል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ጥሩ ነው። «ፕሮቲን» ሲባል ሥጋና እንቁላል ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ሽሮም፣ ምስርም፣ አተርም ፕሮቲን ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ብቻ ኪኒኑን ከሽሮ ጋር መዋጥ አይቻልም። የብረት ኪኒንም ሌቮዶፓን ስለሚይዘው ሰዓታቸው ይራራቅ።

ባቄላ ግን ለብቻው የሚነሳ ነው። በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለበት። እሸት ባቄላ በሚደርስበት ወቅት አባዬ እፍኝ ሙሉ ሲቆረጥም ውሎ ሰውነቱ ከመጠን በላይ መወዛወዝ እንደጀመረ አይተናል። መጠኑ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ በመድኃኒት ቦታ አይተካም። አቅምሱት፤ ግን ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ሌሊቱ

ቀኑን ሙሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ያለ ሰዓት የሚያንቀላፋ ከሆነ ሌሊቱን እዩ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

ሽንት ቀዳሚው ነው። ሌሊት ተነስቶ መጸዳጃ ቤት ሄዶ እስኪመለስ እንቅልፉ ይሸሻል። ውሃን ግን በጠቅላላው አትቀንሱበት፤ ለግፊቱም ለሆድ ድርቀቱም ያስፈልገዋል። ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ አብዙለት፣ ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ቀንሱ። ፕሮስቴትም ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

ሁለተኛው መገላበጥ አለመቻል ነው። የማታው ኪኒን ኃይሉ ሲያልቅ ሰውነቱ ይደርቅና በአንድ ጎን እንደተኛ ይቀራል። እዚህ ላይ ጋቢ ጠላት ነው፤ ይጠመጠማል፣ እግር ይይዛል። አባዬ ያለ ጋቢ መተኛት አይወድም ነበር። አሁን ጋቢው ቀን ትከሻው ላይ ነው፤ ሌሊት ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ከወገቡ በታች አንሶላው ላይ የሚያንሸራትት የሳቲን ጨርቅ አነጠፍንለት፤ ጎኑን በቀላሉ ይገለብጣል። ሌሊቱን የሚያቆይ ሌቮዶፓ ይኖር እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁ።

ሦስተኛው ሕልሙን መኖር ነው። እየተኛ ይጮኻል፣ ይማታል፣ ይራገጣል። ጤነኛ ሰው ሕልም ሲያይ ጡንቻው ይታሰራል፤ በዚህ በሽታ ማሰሪያው ይላላል። ከፓርኪንሰኑ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊጀምርም ይችላል። እማዬ አባዬ ሌሊት መሪ ሲያዞርና ፍሬን ሲረግጥ ስታየው ኖራለች፤ «ሥራው ነው» ብላ ትስቅ ነበር። መንፈስ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለሐኪም ቢነገር ግን መድኃኒት አለው። እስከዚያው ከራስጌው ብርጭቆና ስለት አንሱ፣ ፍራሹን ዝቅ አድርጉ፣ አብራው የምትተኛው ሚስት ለብቻዋ ብትተኛ አያሳፍርም።

ማንኮራፋቱ መሃል ትንፋሹ ቆም ብሎ ከዚያ እንደ መታፈን ብሎ የሚመለስ ከሆነ በስልክ ቅረጹትና አሳዩ። እግሩን ማታ ማታ አላስቀምጥ የሚለውም ካለ ተናገሩ፤ የደም ማነስ ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል። ሴሌጂሊን ወይም አማንታዲን የሚባሉትን የፓርኪንሰን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ማታ ከወሰደው እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ፌስታል

ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አፍሱት። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሸጡት ብዙዎቹ ያስተኛሉ። ለድብርት ወይም ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም ያስተኛሉ። አርቴን የሚባለው የመንቀጥቀጥ ኪኒን በዕድሜ የገፋ ሰውን ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል ደግሞ ፓርኪንሰንን ራሱን ያባብሳል፤ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ቀድማችሁ «ፓርኪንሰን አለበት፣ ፕላሲል አይስማማውም» በሉ።

ቀኑን መንቃት

ጠዋት ፀሐይ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 31 የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ለ14 ቀን ተከታትሏል። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ 10,000 ለክስ (ለክስ የብርሃን መለኪያ ነው) በሚደርስ ደማቅ መብራት ፊት ተቀመጡ፤ ሌሎቹ በደብዛዛ ቀይ መብራት። ደማቁን ያገኙት የቀን እንቅልፋቸው ቀነሰ፣ ሌሊታቸውም ተሻለ። እኛ መብራቱን መግዛት አያስፈልገንም። አባዬ ቁርሱን ከበላ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በረንዳ ላይ ነው፤ ፀሐዩን ትክ ብሎ ማየት የለበትም። ክረምትም ቢሆን ደጅ ይወጣል፤ ደመናማ ሰማይ ከሳሎናችን አምፖል በብዙ ይደምቃል። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ የተዘጋበት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ግን ተኛ ማለት ነው።

ሸለብታ አይከለከልም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ በስልክ ደወል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሌሊቱን ይበላበታል። አልጋ ላይ ይሁን፤ ወንበር ላይ አንገት ይጣመማል። አባዬ ደወሉን አይወደውም። እኔ ግን እወደዋለሁ።

ስለ ቡና እውነቱን ልንገራችሁ። በ2012 የታተመ የካናዳ ጥናት 61 ሰዎች ላይ ካፌይንን ሞክሮ በቀን እንቅልፍ ላይ አሳማኝ ለውጥ አላገኘም። ብዙ አትጠብቁበት። አቦሉን ጠዋት፣ ቶናውን ከምሳ በኋላ ይጠጣ፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን በረካው ይለፈው፣ ግማሹ ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ አለና። እኛ ቤት አባዬን የሚያነቃው ሲኒው ሳይሆን ጨዋታው ነው። ደብተሩ ላይ ጎረቤቶች ቡና የጠጡበት ሰዓት ባዶ ነው፤ አንድም እንቅልፍ የለም። ስለዚህ እንግዳውን ከምሳ በኋላ ወዳለው ከባድ ሰዓት አመጣነው።

«ትንሽ ጫት ቢቅም ይነቃል» ያለን ሰው ነበር። አይሆንም። ሌሊቱን ይወስድበታል፣ ለልብና ለደም ግፊትም አይበጅም፣ እንደ ሴሌጂሊን ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

እግሩ ከቻለ በቀን ሁለት ጊዜ ይራመድ። ኪኒኑ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን።

ጾምና ጠበል

አባዬ ጾም አይፈታም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ሲል ኪኒኑም አብሮ ሊቀር ነበር። ንስሐ አባቱን ቤት ጠራናቸው። «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ በሰዓቱ ውሰድ» አሉት። እኛ ብንናገር ክርክር ነበር። ለሙስሊም ወገኖቼም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም ሼኩንም አማክሩ። ጠበል ሲሄድም ኪኒኑ በኪሱ አብሮት ይሄዳል።

ሐኪም ዘንድ

ጊዜው አጭር ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ደብተሩን ሙሉውን አታንብቡ። ከፊት ገጽ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ እንቅልፉ የሚበዛበት ሰዓት፣ ድንገት ተኝቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ የኤፕዎርዝ ቁጥሩ። ከዚያ ጠይቁ፦ የትኛው ኪኒን ሊቀንስ ወይም ሊከፋፈል ይችላል? የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልገዋል? የእንቅልፍ ምርመራስ? ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሞዳፊኒል የሚባል የሚያነቃ መድኃኒት አለ፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም፣ ያለ ሐኪም አይነካም። አንድ ለውጥ ብቻ ይደረግ፣ ከዚያ ሌላ ሳምንት ይመዘገብ፣ ከዚያ ቀጣዩ።

የቀጠሮ ቀን የማይጠበቅለትም አለ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቅልፉ ድንገት ከጨመረ፣ ሰው ካላወቀ፣ ከዘባረቀ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም በቅርቡ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አረጋውያንን እንዲህ ያደርጋል፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስም ያደርጋል። ስትወጡ ኪኒኖቹን በፌስታል፣ ደብተሩን በእጃችሁ ያዙ። ቀጣዩ የኪኒን ሰዓት እዚያ እያላችሁ ከደረሰም ለነርሷ ነግራችሁ በሰዓቱ ስጡት።